66፣ 73፣ 81፦ የተርጓሚው የጀሮም ሕይወት

 

በኅብረታችን ውስጥ ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክና ከወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የመጣን ሴቶች አብረን እንደምንሰበሰብ ታውቃላችሁ። አብረን እንዘምራለን፣ የታመመችውን አብረን እንጠይቃለን፣ ሀዘን የደረሰባትንም አብረን እናስተዛዝናለን። አንድ ነገር ላይ ስንደርስ ግን ድምፃችን ይለወጣል። አንዷ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት 66 ናቸው ትላለች፣ ሌላዋ 73፣ ሌላዋ ደግሞ 81። ከዚያ ቀነሳችሁ፣ ጨመራችሁ መባባል ይመጣል። እንደምታውቁት በዚህ ጉዳይ ተኮራርፈው እሁዳቸውን ያበላሹ አሉ። በሳምንት አንዴ፣ ያውም ማዳም ከፈቀደች ብቻ የምናገኛት እሁድ ለኩርፊያ መዋሏ ያሳዝናል።

እኔ የብሉይና የአዲስ ኪዳን ጥናት መግቢያ ትምህርት ስጀምር ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነው የገባሁት። የመልሱን ትልቅ ክፍል ያገኘሁት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ነው። ሰውየው ጀሮም ይባላል፤ በላቲን ሂየሮኒሙስ ነው። ከአገሩ ወጥቶ እኛ ባለንበት በዚህ በምሥራቅ ምድር የኖረና የሞተ ሰው ነው። ታሪኩን በተረዳሁት መጠን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጀሮም የተወለደው በ347 አካባቢ ስትሪዶን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ በዛሬዎቹ ክሮኤሺያና ስሎቬኒያ አካባቢ ነበረች፤ በኋላ ጎቶች አጠፏት። ወላጆቹ ክርስቲያኖችና ደህና ኑሮ ያላቸው ስለነበሩ ገና በልጅነቱ ለትምህርት ወደ ሮም ላኩት። እዚያ ዶናቱስ ከሚባል ዝነኛ የሰዋስው መምህር ሥር ተማረ። የላቲን ደራሲዎችን በጣም ወደደ፤ ከሁሉም በላይ የሲሴሮን ንግግር። ጥምቀትም የተቀበለው በሮም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በምንኩስና ሐሳብ ተነክቶ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ምሥራቅ ተጓዘና አንጾኪያ ደረሰ። እዚያ መከራ ጠበቀው። እሱ በትኩሳት ሲማቅቅ ሁለት ወዳጆቹ ሞቱበት። ከሁለቱ አንዱ ሂላስ የሚባል፣ ሜላንያ የተባለች ባለጸጋ ሴት አገልጋይ የነበረ ሰው ነው። እንደኛ በሰው ቤት ያገለገለ ሰው ስሙ በደብዳቤ ተጽፎ እስከ ዛሬ መድረሱ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

በሕመሙ መካከል አንድ ሕልም አየ። በፈራጅ ፊት ቆሞ ክርስቲያን ነኝ ሲል፣ ፈራጁ አንተ የሲሴሮን እንጂ የክርስቶስ አይደለህም ብሎ አስገረፈው። ከዚያ በኋላ ወደ ካልኪስ በረሃ፣ ወደ ዛሬዋ ሶርያ ገባ። ጾሙና ብቸኝነቱ ግን ሐሳቡን አላረጋጋለትም፤ ልቡ ሮም ይሄድበት ነበር። ስለዚህ ለአእምሮው ከባድ ሥራ ፈለገለት። ክርስቲያን ከሆነ አንድ አይሁዳዊ ዘንድ ተቀምጦ ዕብራይስጥ መማር ጀመረ።

እስቲ አስቡት! በሮም የተመሰከረለት የቋንቋ ሰው እንደ ሕፃን ፊደል ሊቆጥር ተቀመጠ። ከጉሮሮ የሚወጡት ድምፆች አስቸገሩት፤ ላቲን የላትማ። ተስፋ ቆርጦ ተወው፣ እንደገና ጀመረ። እኛም እዚህ ስንመጣ ዐይንና ሐ የሚባሉት የአረብኛ ድምፆች ጉሮሯችንን እንዴት እንዳሰቃዩን እናውቃለን። ነገር ግን እኛ ከጀሮም የተሻለ ዕድል ነበረን። ግዕዝ፣ አማርኛ፣ አረብኛና ዕብራይስጥ ዘመዳሞች ናቸው። ቤት በአረብኛ ቤይት፣ በዕብራይስጥ ባይት ነው። ነፍስ በአረብኛ ነፍስ፣ በዕብራይስጥ ኔፌሽ ነው። ራስ በአረብኛ ራስ፣ በዕብራይስጥ ሮሽ ነው። ለላቲን ተናጋሪው ጀሮም ግን ሁሉም ነገር ባዳ ነበር።

በ382 ወደ ሮም ተመለሰና የጳጳስ ዳማሱስ ጸሐፊ ሆነ። በዚያ ጊዜ የላቲን ክርስቲያኖች ብዙ ዓይነት ትርጉም ነበራቸው። አንዱ ቅጂ ከሌላው አይስማማም። አንዳንዱ ስህተት የመጣው ከመጥፎ ተርጓሚ፣ አንዳንዱ አንቀላፍቶ ከጻፈ ገልባጭ፣ አንዳንዱ ደግሞ አርማለሁ ብሎ ካበላሸ ሰው ነው። ዳማሱስ ይህን አስተካክል አለው፤ ጀሮምም አራቱን ወንጌላት ከጥንት የግሪክ ቅጂዎች ጋር እያስተያየ አረመ። በትምህርት ቤት የጽሑፍ ምርመራ የሚባለው ሥራ ይኸው ነው፤ ቅጂዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ከምንጩ ይቀርባል ብሎ መጠየቅ።

በሮም ሳለ ከእነዚያ ወንጌላት ሌላ ሕይወቱን የለወጡ ሰዎችም አገኘ። ማርሴላ የምትባል መበለት በቤቷ ሴቶችን ሰብስባ መጻሕፍትን ታጠና ነበር። ማርሴላ የተነገራትን ሁሉ ዝም ብላ አትቀበልም፤ ትጠይቃለች፣ ትመረምራለች፣ መልሱ ካልጣማት እንደገና ትጠይቃለች። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ፓውላ ናት። ፓውላ ከሮም ታላላቅ ቤተሰቦች የተወለደች፣ ባሏ የሞተባት፣ የአምስት ልጆች እናት ናት። በ384 ትልቋ ልጇ ብሌሲላ ሞተች። ሰዉ በጾም ብዛት ገደሏት ብሎ መነኮሳቱን ከሰሰ፤ ጀሮምም ከወቀሳው አላመለጠም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዳማሱስ ሞተና ጠባቂ አጣ። ምላሱ ስለት ስለነበር ጠላት አላነሰውም። ከፓውላ ጋር በሐሜት ተነሳ፤ በ385 ሮምን ለቆ ወጣ።

ፓውላም ተከትላ ለመሄድ ቆረጠች። ይህን ክፍል ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆይቻለሁ። ወደቡ ላይ ትንሹ ልጇ ቶክሶቲየስ እጁን ዘርግቶ ይለምናት ነበር። ለጋብቻ የደረሰችው ልጇ ሩፊና ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። ፓውላ ላለመሸነፍ ፊቷን ከዳርቻው መለሰች። አብራት የሄደችው ዩስቶኪየም የምትባለው ልጇ ብቻ ናት። ጀሮም ይህን የጻፈው እምነቷን ለማወደስ ነው። እኛ ግን የአውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ልጅ ትተን የመጣን ሰዎች ነን፤ ከውዳሴው ይልቅ የልጁ እጅ ነው የሚታየን። ልዩነቱ ፓውላ ወዳ ነው የሄደችው፤ እኛን ግን ያመጣን የቤት ችግር ነው።

አንጾኪያ ላይ ከጀሮም ጋር ተገናኙና በክረምቱ ወደ ደቡብ ወረዱ። በሮም በአገልጋዮች እጅ ትያዝ የነበረችው ፓውላ በአህያ ተቀመጠች። መንገዳቸው የት እንዳለፈ ታውቃላችሁ? በቤሩት! ከዚያ በሲዶና፣ ማለትም በሰይዳ፣ ኤልያስን የመገበችው መበለት በኖረችበት በሰራፕታ፣ ከዚያም በጢሮስ፣ ማለትም በሱር አድርገው ወረዱ። ኢየሩሳሌምን ከጎበኙ በኋላ ግብፅ ሄደው በእስክንድርያ ከሊቁ ከዕውሩ ዲዲሞስ ተማሩና በ386 ቤተልሔም ተቀመጡ።

ጀሮም ለቀሩት 34 ዓመታት መኖሪያው ቤተልሔም ሆነች። ገንዘቡ የፓውላ ነበር። ለወንዶች አንድ ገዳም፣ ለሴቶች ሦስት ማኅበር፣ ለመንገደኞችም ማረፊያ ቤት ሠራች። እውነቱን ለመናገር ሴቶቹ በሦስት የተከፈሉት በትውልዳቸው ነበር፤ ሥራና ምግብ ለየብቻ፣ ጸሎት ግን አንድ ላይ። አንዲት እመቤት የድሮ አገልጋይዋን ይዛ እንዳትኖር ተከልክሎ ነበር። መዝሙረ ዳዊትን በቃል መያዝና በየቀኑ ከመጽሐፍ መማር ደግሞ የሁሉም ግዴታ ነበር። ጀሮም ለአንዲት የሮም እናት በጻፈው ደብዳቤ ከህንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ መነኮሳት በየዕለቱ በብዛት እንደሚመጡ ይናገራል። ስለዚህ የአገራችን ስም በዚያ በር ላይ ተሰምቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። በዚያን ጊዜ ክርስቲያኖች የሚያነቡት ብሉይ ኪዳን ሰብዓ ሊቃናት የሚባለው የግሪክ ትርጉም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት አካባቢ በእስክንድርያ አይሁዶች ዘንድ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የተሟላ ነው። የአዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ከእሱ ነው። የድሮው የላቲን ትርጉምም የተቀዳው ከዚሁ ነው። የእኛም የግዕዝ ብሉይ ኪዳን በ4ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት መካከል የተተረጎመው ከግሪክ ነው።

ከጀሮም በፊት ኦሪጀን የሚባል ሊቅ አንድ ትልቅ ሥራ ሠርቶ ነበር። ብሉይ ኪዳንን በስድስት ዓምድ ጎን ለጎን ጻፈው፤ ዕብራይስጡን፣ ዕብራይስጡን በግሪክ ፊደል፣ የአቂላን፣ የሲማከስን፣ የሰብዓ ሊቃናትንና የቴዎዶሽንን ትርጉም። መጽሐፉ በቂሣርያ ይገኝ ነበር፤ ጀሮም ሄዶ ተመለከተው። ዓምዶቹን ሲያስተያይ ግሪኩና ዕብራይስጡ በብዙ ቦታ እንደማይገጥሙ አየ። ስለዚህ ቆረጠ፤ ከትርጉም ትርጉም ከምቀዳ ምንጩ ድረስ ወርጄ ልጠጣ አለ።

ለዚህ ደግሞ መምህር ያስፈልጋል። ባራኒና የሚባል አይሁዳዊ ሰው እንዳያየው በሌሊት እየመጣ ያስተምረው ነበር። ለመጽሐፈ ኢዮብ ከልዳ መምህር ቀጠረ፤ ዋጋውም ቀላል አልነበረም። መጽሐፈ ጦቢትን ሲተረጉም አራማይክና ዕብራይስጥ የሚችል ሰው አራማይኩን ወደ ዕብራይስጥ እየመለሰ ይነግረዋል፤ እሱ ወደ ላቲን እየመለሰ ለጸሐፊ ያስጽፋል። በአንድ ቀን ጨረሱት። ፓውላም አርፋ አልተቀመጠችም። ዕብራይስጥ ተማረችና መዝሙሩን የላቲን ቃና ሳይኖረው በዕብራይስጥ ትዘምር ነበር። መጻሕፍቱን ለእሷና ለዩስቶኪየም መታሰቢያ አድርጎ ሲጽፍ ለሴት ይጻፋል ወይ ብለው ሳቁበት፤ እሱም ዲቦራንና ነቢይቱን ሕልዳናን ጠርቶ መለሰላቸው።

ሥራው ከ390 እስከ 405 አካባቢ 15 ዓመት ፈጀ። ሳሙኤልና ነገሥትን ሲያወጣ በመቅድሙ የመጻሕፍቱን ቁጥር እንደ ዕብራይስጥ ፊደል 22 አድርጎ ዘረዘረ። ቁጥሩ ያነሰው ብዙዎቹን አንድ ላይ ስለሚቆጥር ነው፤ ዛሬ አይሁዶች 24፣ ወንጌላውያን 39 የሚሉት ይኸው ዝርዝር ነው። በግሪኩ ውስጥ ያሉትን እንደ ጦቢት፣ ዮዲት፣ ሲራክና ጥበብ ያሉትን ደግሞ ለማነጽ ይነበቡ እንጂ ትምህርተ ሃይማኖት አይቁምባቸው ብሎ ለየ። ቤተ ክርስቲያን ግን እነዚህን ከማንበብ አልተወችም፤ በላቲኑ መጽሐፍ ውስጥም ቀሩ። ይህ መጽሐፍ በኋላ ቩልጌት ተባለ።

የክርክራችን ሥር እዚህ ላይ ነው። በ1534 ሉተር በጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱሱ እነዚህን መጻሕፍት ለብቻ ለይቶ አስቀመጣቸው። ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ብዙ አታሚዎች ጨርሰው ተዉአቸው፤ 66 የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ካቶሊኮች በ1546 በትሬንት ጉባኤ ተቀብለናቸዋል ብለው አጸኑ፤ 73 ሆነ። የእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከግሪክ የመጣውን ይዛ፣ ሌሎች ያልያዟቸውን ሄኖክንና ኩፋሌን ጨምራ ጠበቀች፤ 81 ሆነ። አያችሁ? ማንም በሌሊት ተነስቶ ገጽ የቀደደ፣ ማንም በስርቆት ገጽ የሰፋ የለም። አንዱ ከዕብራይስጡ ምንጭ፣ ሌላው ከግሪኩ ምንጭ ቀዳ። ሁሉም የተረከበውን ነው የያዘው።

ያኔም ቢሆን ጠቡ አልቀረም። በሰሜን አፍሪካ የነበረው ጳጳስ አውግስጢኖስ ሐዋርያት የተጠቀሙበትን ግሪክ ለምን ትተዋለህ፣ የላቲንና የግሪክ ምእመናን ሊለያዩ ነው ብሎ ጻፈለት። አንዱ ደብዳቤው ለጀሮም ሳይደርስ በሮም የሌላ ሰው እጅ ገብቶ ተነበበና ጀሮም ተቆጣ። አውግስጢኖስ በ403 ያጋጠመን ነገር ብሎ የጻፈው በዛሬዋ የሊቢያ ትሪፖሊ የሆነውን ነው። ጳጳሱ አዲሱን የዮናስ ትርጉም ሲያስነብብ ሕዝቡ ተነሳ። ምክንያቱ አንድ ተክል ነው! በዮናስ ራስ ላይ ያጠላው ተክል በድሮው ቅል ነበር፤ ጀሮም ሐረግ አደረገው። ሕዝቡ ሐሰት ነው ብሎ ጮኸ፤ ጳጳሱ ምእመናኑን እንዳያጣ ትርጉሙን ለማስተካከል ተገደደ።

የእኛም አማርኛ ቅል ይላል። ጀሮም ግን ተክሉን በደንብ ያውቀው ነበር። ቅጠሉ ሰፊ፣ በአሸዋማ ቦታ ቶሎ የሚያድግ፣ በአገሬው ቋንቋ ኤልከሮዓ የሚባል ነው ብሎ ገልጾታል። በላቲን ስም ስላጣለት ነው ሐረግ ያለው። አሁን አስተውሉ፤ ይህ ስም እዚህ ፋርማሲ ከሚሸጠው ዜት ኸርወዕ ጋር አንድ ነው። በአማርኛ የጉሎ ዘይት! ዛሬ ብዙ ሊቃውንት የዮናስ ተክል ጉሎ ነው ይላሉ። ጀሮም አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ትሪፖሊ ላይ ያ ሁሉ ጩኸት ባልተሰማ ነበር።

ሌላም ቃል አለ። ሙሴ ከተራራው ሲወርድ ፊቱ የሆነውን የሚናገረው የዕብራይስጥ ቃል ፊደሎቹ ቀ፣ ረ፣ ነ ናቸው። ዕብራይስጥ በዚያን ጊዜ አናባቢ ሳይጻፍበት ስለነበር አንድ ሥር ወደ ሁለት ይሄዳል፤ አበራ ወይም ቀንድ አወጣ። በግዕዝ ቀርን፣ በአረብኛም ቀርን ማለት ቀንድ እንደሆነ አስታውሱ። ጀሮም ከእሱ በፊት እንደነበረው እንደ አቂላ ቀንድ አለው። ከዚያ የተነሳ በአውሮፓ ሙሴን ባለቀንድ አድርገው ሳሉት፤ ሚካኤል አንጄሎ የቀረጸው በሮም ያለው ሙሴም ሁለት ቀንድ አለው። የእኛ መጽሐፍ ስለ ብርሃን ይናገራል። የአንድ ተርጓሚ ምርጫ ከሺህ ዓመት በላይ ሄዶ እብነ በረድ ላይ ይታያል።

ታዲያ ጀሮም ትክክል ነበር፣ አውግስጢኖስ ተሳሳተ እንበል? መልሱ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከ1947 ጀምሮ ከቤተልሔም ብዙ በማይርቀው በሙት ባሕር ዳር፣ በቁምራን ዋሻዎች ውስጥ የጥንት ጥቅልሎች ተገኙ። ከእነሱ ውስጥ አንዳንዱ ዕብራይስጥ ጀሮም ከያዘው ይልቅ ከግሪኩ ጋር የሚገጥም ሆኖ ተገኘ። ማለትም ሰብዓ ሊቃናት በየቦታው የተሳሳቱ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ሌላ የዕብራይስጥ ቅጂ ነበር ፊታቸው። በዚያው ቦታ የሄኖክ በአራማይክ፣ የኩፋሌ በዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ተገኙ። ሙሉ ሆነው የቆዩት ግን በግዕዝ ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ዛሬ ሄኖክን በሙሉ ለማንበብ ግዕዝ መማር አለባቸው፤ ጀሮም ዕብራይስጥ እንደተማረው ማለት ነው።

ጀሮም እንዲህ የተማረ ቢሆንም ጠባዩ ግን ደህና አልነበረም። ከልጅነት ወዳጁ ከሩፊኖስ ጋር በኦሪጀን ምክንያት ተጣልቶ፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ እንኳ መስደቡን አላቆመም። ከአይሁድ መምህራን እየተማረ ስለ አይሁድ ክፉ ይጽፍ ነበር። ዕውቀት ብቻውን ልብን እንደማያለዝብ በእሱ አይቻለሁ።

ፓውላ ሀብቷን ሁሉ ጨርሳ፣ ለዩስቶኪየም ዕዳ ትታ በጥር 404 ሞተች። ጀሮም ለብዙ ጊዜ መሥራት አቃተው። በ410 ሮም በአላሪክ እጅ ወደቀች፤ ማርሴላ በወታደሮች ተደብድባ ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ትናንት ባለጸጋ የነበሩ ሰዎች ስደተኛ ሆነው ቤተልሔም በር ላይ ሲደርሱ ጀሮም የሕዝቅኤልን ማብራሪያ አቁሞ እነሱን መቀበል ያዘ። በ416 የታጠቁ ሰዎች ገዳማቱን አቃጠሉ፤ አንድ ዲያቆን ተገደለ። ዓይኑ ደክሞ፣ ለጸሐፊ እየነገረ፣ እስከ መጨረሻው ሠራ። መስከረም 30 ቀን 420 እንደሞተ ይታመናል። ያ ቀን ዛሬ ዓለም አቀፍ የትርጉም ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2017 አጽድቆታል።

ያ ወደቡ ላይ እጁን የዘረጋው ልጅስ? ቶክሶቲየስ አደገ፣ ሌታ የምትባል ሴት አገባ፣ ሴት ልጅ ወለዱና በአያቷ ስም ፓውላ አሏት። ጀሮም ለእናትየዋ ልጅቷን ፊደል እንዴት እንደምታስተምራት፣ ፊደሎቹን ከእንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ አሠርታ እንድታጫውታት ጻፈላት። ከላይ ያነሳሁት ስለ ኢትዮጵያ መነኮሳት የተናገረበት ደብዳቤ ይኸው ነው። ትንሿ ፓውላም በኋላ ቤተልሔም መጣች።

እህቶቼ፣ ከዚህ በኋላ የቁጥር ነገር ሲነሳ ከመቆጣታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ይህ መጽሐፍ ከየትኛው ቋንቋ ተቀዳ? ከየትኛው ቅጂ? ማን፣ ለማን ተረጎመው? እኔ በበኩሌ ይህን መጠየቅ ስጀምር እምነቴ አልጎደለም፤ የጎደለው ሌላውን ለመክሰስ የነበረኝ ችኮላ ነው። የሦስታችንንም መጽሐፍ ጎን ለጎን ከፍተን እንደ ኦሪጀን ዓምድ አንድ ምዕራፍ ብናነብስ? ለምሳሌ ዮናስ 4ን። አጭር ነው፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨረሳል።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር እንሰንብት። በየቤቱ ያላችሁትን፣ እሁድ መውጣት ያልተፈቀደላችሁንም ጭምር፣ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ይህን ወረቀት ያገኘች ለጎረቤቷ ታቀብል።